የእንግዳ ጠመንጃ

በደርግ ጊዜ ጎንደር ውስጥ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበርኩ። መሥሪያ ቤታችን ወደ ደጋው ሲልከን ድንኳን፣ ብርድ ልብስ፣ መድኃኒት የሚቀመጥበት የበረዶ ሳጥንና አንድ ጠመንጃ ይሰጠናል። ድንኳኑ ያፈሳል። ብርድ ልብሱ ትከሻ ሲሸፍን እግር ያጋልጣል። የበረዶ ሳጥኑ ክዳኑ ስለተሰበረ በገመድ ነው የሚታሰረው። ምንም እንከን የሌለበት ጠመንጃው ብቻ ነበር፤ ከመነሳታችን በፊት ንግግር የሚደረግለትም እሱ ብቻ ነበር።

«መሣሪያው ከእጃችሁ እንዳይለይ» ይሉናል ኃላፊው። «የምታድሩት ሜዳ ላይ ነው። ስትተኙም ታቅፋችሁት ተኙ። ራሳችሁን የምትከላከሉበት ነው።»

ከማን እንደምንከላከል ሲጠየቁ «ከፀረ ሕዝብ ኃይሎች» ይላሉ። አንድ ቀን እጄን አውጥቼ «ጅብስ ቢመጣ?» አልኳቸው። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ የጅቡ ጉዳይ በመመሪያው ውስጥ እንዳልተካተተ ገልጸው ወደ ንግግራቸው ተመለሱ። እኚህ ሰው በሕይወታቸው ድንኳን ውስጥ አንዲት ሌሊት አድረው አያውቁም።

ያኔም ያናድደኝ ነበር፤ ፀጉሬ ሸብቶ ዛሬም ያናድደኛል። በዚያን ጊዜ እኛን ጎንደሮችን የሚያስፈራን ጅብም ሽፍታም አልነበረም። የሚያስፈራን ማታ በራችን ላይ የሚቆም መኪና ነበር። አባቴ ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ፣ ከማንም ጋር የማይነካካ ሰው ነው። መኪና በሰፈራችን ሲያልፍ ጉርሻውን አፉ ውስጥ ይዞ፣ ሳያኝክ፣ ድምፁ እስኪርቅ ይጠብቃል። ለዚያ ፍርሃት ጠመንጃ የሰጠን የለም። የመኪናው ባለቤትና የጠመንጃው ሰጪ አንድ ከሆነ ማን ይሰጠናል?

የቡድን መሪዬ ወጣት ነበር፤ ቢበልጠኝ በጥቂት ዓመት ነው። ጠመንጃውን ይወደዋል፤ ከተማ ውስጥ እስካለ ድረስ። ከመነሳታችን በፊት ባለው ቀን ፒያሳ ቡና ቤት ይዞት ይገባና ለብቻው ወንበር ያስይዝለታል። ያላዘዘለት ማኪያቶ ብቻ ነው። ሴቶች ሲያልፉ ማንገቻውን ያስተካክላል። ዳገት ሲጀምር ግን «ጓዲት፣ የሴቶች እኩልነት በተግባር ይታይ እንጂ!» ይልና ትከሻዬ ላይ ያሸክመኛል። የዚያን ጠመንጃ ክብደት ከመንግሥትም ከመሪዬም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ።

የምናገረው ጊዜ ኅዳር ነበር። ደስታ የሚሉት የከብት በሽታ ከቆላ ወደ ደጋ እየወጣ ነው ተብሎ ተላክን። ሥራው እውነተኛ ሥራ ነበር፤ ይህን አልክድም። በሬው የሞተበት ገበሬ ምን አርሶ ይበላል? እኔም ሥራዬን እወደው ነበር። ሾፌራችን ከነመኪናው ድብ ባሕር ቀረ፤ መሪዬና እኔ ዕቃችንን በበቅሎ አስጭነን ሽቅብ ወጣን። መንደሩ ስንደርስ ገብሱ ታጭዶ ቃርሚያው ብቻ ቀርቷል። በመመሪያው መሠረት ገበሬ ቤት ማደር ክልክል ነው፤ ሰፊውን ሕዝብ ላለማስቸገር ሲባል። ስለዚህ ከብቶቹ ማለዳ ውሃ ከሚወርዱበት ወንዝ ዳር፣ ቃርሚያው ላይ ሁለት ድንኳን መትከል ጀመርን።

ተክለን ሳንጨርስ የማሳው ባለቤት መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጋቢያቸውን ከአፍንጫቸው በታች የተከናነቡ ሽማግሌ ናቸው። መንደሩ ሁሉ «አያ» ነው የሚላቸው፤ እኔም አያ አልኳቸው።

«ምነው ልጆቼ፣ ሜዳ ላይ? ቤት ጠፍቶ ነው?»

መሪዬ መመሪያውን ያስረዳቸው ገባ። ሰፊው ሕዝብ፣ ሸክም፣ ብዝበዛ። አያ እስኪጨርስ ድረስ በትዕግሥት አዳመጡት።

«እሽ» አሉ። «ማሳውም የኔው ነው። ከቤቴ እንደገባችሁ እቆጥረዋለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «መሣሪያውን ወዲህ በይ፣ ልጄ።»

መሪዬ ደነገጠ። እኔ አልደነገጥኩም። አባቴ የዚያው የደጋው ተወላጅ ስለሆነ ሲያወራ ሰምቻለሁ። በዚያ አገር እንግዳ ጠመንጃ ይዞ ሲመጣ ባለቤቱ ይቀበለውና ከራሱ ጠመንጃ ጎን ምሰሶው ላይ ይሰቅልለታል። መቀማት አይደለም። «ከአሁን ጀምሮ አንተን መጠበቅ የኔ ፈንታ ነው፤ ጠላትህ ቢመጣ የሚመጣው በኔ ላይ ነው» ማለት ነው። እንግዳው ሲሰናበት ጠመንጃው ተወልውሎ ይመለስለታል። አልሰጥም ያለ እንግዳ ግን ባለቤቱን «የምፈራው አንተን ነው» እንዳለው ይቆጠራል። ከዚህ የባሰ ስድብ የለም።

«አይቻልም» አለ መሪዬ። «የመንግሥት መሣሪያ ነው።»

አያ እጃቸውን አላጠፉም። «የመንግሥት ቢሆንስ? እንግዳ ሆናችሁ መጣችሁ እንጂ ልትወጉኝ መጣችሁ?» ቀጠሉና «ወይስ እኔን ፈርታችሁ ነው?» አሉ።

ከኋላቸው የመንደሩ ሰዎች ቆመዋል። ሁሉም የሚያዩት የአያን ባዶ እጅ ነው። መሪዬ ክንዴን ይዞ ወደ ድንኳኑ ጀርባ ወሰደኝ። ላብ በላብ ሆኗል፤ በዚያ ብርድ።

«ካልሰጠናቸው ነገ አንዲት ጥጃ አያመጡልንም» አለኝ።

«አያመጡልንም» አልኩት።

«ሪፖርቴ ገደል ገባ ማለት ነው።» ወዲያና ወዲህ አየ፤ ኃላፊው ከገብሱ ክምር ጀርባ ብቅ የሚሉ ይመስል። «ስጪው በቃ። ስንሄድ እንቀበላቸዋለን። ስጪው!»

ቃሉ ይኸው ነው። ስጪው። ሁለት ጊዜ ብሎኛል። ጥይቱን አውጥቼ፣ አፈሙዙን ወደ ላይ አድርጌ፣ አባቴ እንደነገረኝ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። አያ በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ፤ ፊታቸው በራ። ይዘውት ወደ ቤታቸው ሲሄዱ መሪዬ የጥይቱን ከረጢት ኪሱ ውስጥ ደብቆ ተነፈሰ።

ማታ የገብስ ዳቦና አንድ እንስራ ጠላ ተላከልን። ቆይተው አያ ራሳቸው መጡና ማሳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የአባታቸውን አሮጌ ውጅግራ ጠመንጃ ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል። ይግቡ ይሞቅዎታል ብላቸው «እንግዳ እያለኝ ምን እንቅልፍ አለኝ» አሉኝ። እኔ ግን ተኛሁ። በዚያ ሁሉ ዓመት ቤቴ፣ አልጋዬ ላይ፣ በሩ በመወርወሪያ ተዘግቶ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም። ያለ ጠመንጃ፣ በቀዳዳ ድንኳን ውስጥ፣ ስማቸውን እንኳ በቅጡ በማላውቃቸው ሽማግሌ ጥበቃ።

በማግስቱ ከብቱ ማሳውን ሞላው። ከአጎራባች መንደር ሳይቀር ነድተው መጡ። ጎረምሶቹ ወይፈኑን በጠፍር ጠልፈው ይጥሉልኛል፤ እኔ እወጋለሁ፤ የተከተበው እንዲታወቅ ጆሮውን እበሳለሁ። እጄ እስከ ክርኔ በፋንድያና በደም ተለውሷል። መሪዬ ደስታው ወሰን አጥቶ ከብቱን እያየ ያፏጫል። አያ የራሳቸውን ሁለት በሬዎች በቀንዳቸው ይዘው ራሳቸው አመጡልኝ፤ መርፌው ሲገባ በሬውን «አይዞህ፣ አይዞህ» ይሉታል። ደህና ቀን ነበር። እንደዚያው ቢያልቅ ምን ነበረበት?

ረፋዱ ላይ የወረዳው ካድሬ ከታጣቂዎቹ ጋር መጣ። የመጣው ለስብሰባ ሰው ሊሰበስብ ነበር እንጂ ለእኛ አልነበረም። ሰላም አለን፤ ሥራችንን አደነቀ፤ «የምርት ግንባር ጀግኖች» አለን። ከታጣቂዎቹ አንዱ ጠላ ሊጠጣ አያ ቤት ገባ። ሲወጣ በግራና በቀኝ ትከሻው ሁለት ጠመንጃ አንግቷል። አንዱ የአያ ውጅግራ ነው። ሌላው የእኛ ነው።

ካድሬው የእኛን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። ሰደፉ ላይ የመሥሪያ ቤታችን ምልክት በነጭ ቀለም ተጽፏል።

«የመንግሥት መሣሪያ ገበሬ ምሰሶ ላይ ምን ይሠራል?»

ወይፈኑ ብቻ ነው መሬት ላይ እንደተጣለ የሚያጓራ። መሪዬን አየሁት። ጫማውን እያየ ነው፤ ጫማው ላይ ምን እንዳገኘ እንጃ።

ካድሬው ወደ አያ ተጠጋ። በዕድሜ አባቱ የሚሆኑትን ሰው «አንተ» አላቸው። «ስማ አንተ። ነገሩ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ እነዚህ ሰጥተውሃል፣ ወይ አንተ ነጥቀሃቸዋል። ሰጥተውህ ከሆነ የመንግሥት መሣሪያ አሳልፈው ሰጥተዋልና ቅጣታቸውን ያውቁታል። ነጥቀህ ከሆነ ደግሞ ሽፍታ ነህ። የቱ ነው?»

«ጓድ፣ ባህሉ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ባህል!» አለ ካድሬው። «የፊውዳል ባህል!»

አያ መጀመሪያ መሪዬን አዩት፤ ቀጥለው እኔን አዩኝ። ብዙም አላሰቡ። ጋቢያቸውን ከአፋቸው ዝቅ አደረጉና «እኔ ነኝ የወሰድኩት» አሉ። «ልጆቹ የሚያውቁት የለም። አምጡ አልኳቸው፤ ፈርተው ሰጡኝ።»

«ውሸት ነው!» ብዬ ጮህኩ። «እኔ ነኝ የሰጠኋቸው! በገዛ እጄ! ስጪው ያለኝ ደግሞ እሱ ነው፣ ይኸው ቆሟል፣ ጠይቁት!»

«ልጅቱ ደንግጣ ነው» አሉ አያ ሳያዩኝ። «አትስሟት።»

ካድሬው ወደ መሪዬ ዞረ። «ጓድ፣ እንዴት ነው?»

መሪዬ ዓይኑን ከጫማው አንስቶ «ተገደን ነው፣ ጓድ» አለ። ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። «ብዙ ነበሩ። ተገደን ነው።»

እዚህ ላይ ስደርስ የሚሰማኝ ሰው በመሪዬ ብቻ የተቆጣሁ ይመስለዋል። እሱማ ምኑ ይገርማል? ፈሪ ነው፤ ፈሪ ያደርገዋል። በካድሬውም ተቆጥቻለሁ፤ እሱም የታዘዘውን አደረገ ይባልለት። እኔ እስካሁን ድረስ የምቆጣው በአያም ነው። ማን ጠየቀዎት? እውነቱን ቢናገሩ እኮ የምንታሰረው እኛ ነበርን፤ እኔ ወጣት ነበርኩ፤ ኃላፊ የሚያውቅ ዘመድ አላጣም፤ ታስሬ እወጣ ነበር። እሳቸው ግን ጠመንጃችንን ሰቅለዋል። ገና አልተሰናበትናቸውም። ስለዚህ እንግዳቸው ነን፤ ስለዚህ የመጣብን ሁሉ በእሳቸው በኩል ማለፍ አለበት። በጥይት ቢመጣ በጥይት፣ በጥያቄ ቢመጣ በጥያቄ። ቃላቸውን እንዲህ ነበር የተረዱት፤ እኔ የማደሪያ ወግ መስሎኝ ነበር።

ወይፈኑን የጣልንበትን ጠፍር ፈትተው የአያን ሁለት ክንድ ወደ ኋላ አሰሩበት። ጋቢያቸው ወደቀ። ሚስታቸው ከቤት ሮጠው ወጥተው አነሱና ትከሻቸው ላይ መልሰው ጣሉላቸው፤ አያ ክንዳቸው ስለታሰረ ሊይዙት አልቻሉምና አንገታቸው ስር ቋጠሩላቸው። እሪ አላሉም። ወደ እኔ ዞረው «አይዞሽ፣ ልጄ» አሉኝ። እኔን! ባላቸው እየተነዱ እኔን አይዞሽ!

ሰዎቹ ከዓይናችን ሲርቁ መሪዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «በሉ የቀሩትን ከብቶች እንጨርስ፤ መድኃኒቱ ይበላሻል» አለ። መርፌውን እግሩ ስር ወረወርኩለት። የሚጨረስ ከብትም አልነበረም። ገበሬዎቹ ከብታቸውን እየነዱ ወደየመጡበት ሄዱ። ገና ያልተወጉትን ጭምር።

ጎንደር እንደተመለስን ከቢሮ ቢሮ ተንከራተትኩ። እኔ ነኝ የሰጠኋቸው፣ ሽማግሌው አልነጠቁም፣ ይጻፍልኝ፣ ቃሌን ተቀበሉኝ። አንዱ ወደ ሌላው ይመራኛል። በመጨረሻ አንድ ሹም በትዕግሥት አስቀምጠው «እህቴ፣ ሰውየው ራሱ አምኗል። ያመነን ሰው አንቺ ካላስካድኩ ብለሽ ምን አስጨነቀሽ?» አሉኝ። ከዚያ ስብሰባ ተጠራ፤ ሂስና ግለ ሂስ። መሪዬ ተነሥቶ በንቃት ጉድለት ራሱን ሂስ አደረገ፤ አጨበጨቡለት። እኔ ለፊውዳል ርዝራዥ በመራራት ሂስ ተደረግሁ፤ ግለ ሂስ እንዳደርግ ስጠየቅ አላደርግም አልኩ። ለእኔ ያጨበጨበ የለም፤ ከደመወዜ ግን ቆረጡልኝ።

አያን ጎንደር አምጥተው ነበር ያሰሯቸው። ሚስታቸው ከዚያ ደጋ ስንቅ ይዘው በየቀኑ ሊመላለሱ አይችሉም። ስለዚህ ምሳ ዕቃውን እኔ ያዝኩ። በሩ ላይ ያለው ዘብ «ምንሽ ነው?» ሲለኝ «አባቴ ነው» አልኩ። መጀመሪያ ሰሞን የወለደኝ አባቴ «ተይ ልጄ፣ አንቺንም ያስገቡሻል» ይለኝ ነበር። መኪና ሲያልፍ ጉርሻ የማይውጥ ሰው ነው አልኩ እኮ። አንድ ጠዋት ግን ምሳ ዕቃውን ላነሳ ስል አጠገቡ የአባቴ ሹራብ ታጥፎ ተቀምጧል። ከሐኪሞቹ አንዱ የሰጠው፣ ለክት የሚለብሰው ወፍራም ሹራብ ነው። አባቴ ራዲዮኑን እየነካካ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ «ብርድ ነው እዚያ» አለ።

ምሳ ዕቃው ባዶውን ሲመለስ አያ አሉ ማለት ነው። ሳይከፈት ከተመለሰ የሉም ማለት ነው፤ ይህን በዚያ ዘመን ጎንደር ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም። እጄን ዘርግቼ ስቀበል ከክብደቱ ነው የማውቀው። ቀሎ ከመጣ እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ትንፋሼን እለቃለሁ።

ለጥምቀት ቀሐ ወንዝ ወርጄ መሪዬን ሕዝቡ መሃል አገኘሁት። ነጭ በነጭ ለብሷል። «አሁንም ተቆጥተሻል?» አለኝ እየሳቀ።

«አዎ።»

«ምን አደረግኩ? ሽማግሌው ራሳቸው እኮ ናቸው ያመኑት!»

ታቦት ባለበት መሳደብ አይገባም ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ እስካሁን ያንገበግበኛል። ብዙም ሳይቆይ ሹመት ተሰጥቶት ቢሮ ገባ፤ ከመነሳታችን በፊት ስለ ጠመንጃው ንግግር የሚያደርገውም እሱ ሆነ። ታቅፋችሁት ተኙ፣ ይላል።

አያ ተፈቱ። እንደታሰሩት ሁሉ በድንገት፣ ማንም ምክንያቱን ሳይናገር። አንድ ቀን ምሳ ዕቃ ይዤ ስሄድ ዘቡ «አባትሽ ወጥቷል» አለኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ልደርስባቸው እስከ መናኸሪያው ብሮጥም አጣኋቸው፤ ለካ የሄዱት በእግራቸው ነበር።

በሚቀጥለው ኅዳር ያልተከተቡት ከብቶች እንዲከተቡ ሲታዘዝ እኔ ልሂድ አልኩ። ጠመንጃው አሁን በእኔ ኃላፊነት ነበር። አንድ አዲስ የተቀጠረ ሠራተኛ አብሮኝ ወጣ። ዳገቱን ስንወጣ ስለ ሌላ ነገር አላሰብኩም። አያ እጃቸውን ሲዘረጉልኝ ሁለት እጄን ዘርግቼ እሰጣቸዋለሁ። ካድሬ ይምጣ፣ ታጣቂ ይምጣ፣ መሪ የሚባል የለብኝም፤ ማን እንደሰጠ እኔው ራሴ እናገራለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ሳጉረመርም የኖርኩት ለዚህ ነበር። ድንኳኑን እዚያው ቃርሚያ ላይ፣ እዚያው ወንዝ ዳር ተከልነው።

አያ መጡ። ከበፊቱ ከስተዋል። ጋቢያቸው ስር የአባቴን ሹራብ ለብሰዋል። እንዴት ነሽ፣ አባትሽ እንዴት ናቸው፣ እናትሽ እንዴት ናቸው፣ ከብት እንዴት ነው ብለው ከተማ ውስጥ የሌለንን ከብት ሳይቀር ጠየቁኝ።

«ሹራቡ ሸጋ ነው» አሉ። «አባትሽን እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ።» ሚስታቸው የላኩትን ዳቦ በግራ እጃቸው ሰጡኝ። ቀኝ እጃቸው ከጋቢው ውስጥ አልወጣም።

ጠበቅሁ። ሌላ ነገር አወሩ። ስለ ገብሱ፣ ስለ ውርጩ። የመንደሩ ሰዎች እንደ አምናው አልተሰበሰቡም፤ በየደጃቸው ቆመው በሩቁ ያዩናል። ጀንበር እያዘቀዘቀች ነው። መጠበቁ ሲያቅተኝ ጠመንጃውን ከትከሻዬ አወረድኩ፤ ጥይቱን አወጣሁ፤ አፈሙዙን ወደ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ ዘረጋሁላቸው።

«አያ፣ እንግዳ ነኝ» አልኩ።

ጠመንጃውን አዩት። «ይኸ እጄ ከትከሻዬ በላይ አይወጣም፣ ልጄ» አሉኝ። «እዚያ አንጠልጥለውኝ ነበር።»

«እኔ እሰቅለዋለሁ። መስቀያውን ብቻ ያሳዩኝ።»

«መስቀያውማ አለ።» ወደ ቤታቸው ዞረው አዩ። «ከተቀበልኩሽ እጠብቅሻለሁ ማለት ነው። ውጅግራዬን ወስደውታል። እጄም ይኸው ነው። አምና እኔ ነኝ ብዬ አለፈልሽ። ዘንድሮ ቢመጡ ሁለተኛ እኔ ነኝ የምልበት ጉልበት የለኝም።»

«እኔ ነኝ የምለው! ዘንድሮ እኔ ነኝ የምናገረው!»

«እንግዳ ባለቤቱን አይጠብቅም» አሉ። ተቆጥተው አልነበረም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ይዘሽው እደሪ።»

በዚያ አገር ባለቤት ለእንግዳው እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም፤ አባቴም ሲናገር አልሰማሁም። አያ ደህና እደሩ ብለውን በጠባቡ መንገድ ወደ ቤታቸው ወጡ። እኔ ጠመንጃውን በሁለት እጄ እንደዘረጋሁ ቆሜ ቀረሁ፤ ክንዴ ሲዝል ነው ያወረድኩት።

ያን ዕለት ማሳው ዳር ያለው ድንጋይ ላይ ማንም አልተቀመጠም። መሥሪያ ቤቴ እንዳዘዘው ጥይቱን መልሼ አጎረስኩና ጠመንጃውን ታቅፌ ተጋደምኩ። ከዚያ በፊት በዚያ ደጋ ፈርቼ አላውቅም ነበር። እስኪነጋ እንቅልፍ አልወሰደኝም።